ሳሙኤል ኩናርድ፤ ደብዳቤን በቀጠሮ ውቅያኖስ ያሻገረ ሰው

የድሮ ደብዳቤ የሚሰበስቡ ሰዎች በ1850ዎቹ ዓመታት ከቦስተን ወደ ሊቨርፑል የተላከ ኤንቨሎፕ ሲያገኙ ቴምብሩን ብቻ አይመለከቱም። ከቴምብሩ አጠገብ በቀይ ቀለም የተመታውንም ቍጥር ይመረምራሉ። ቍጥሩ 19 እንደ ሆነ ደብዳቤው የሄደው በእንግሊዝ የፖስታ መርከብ ነው፤ 3 እንደ ሆነ ግን በአሜሪካ መርከብ ነው። ከዚህ ትንሽ ቍጥር በስተጀርባ የሁለት መንግሥታት ክርክር፣ የመርከብ ባለቤቶች ፉክክርና የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ይገኛል። ያ ሰው ሳሙኤል ኩናርድ ይባላል። ኩናርድ መርከብን አልፈለሰፈም፤ የእንፋሎትንም ኃይል አላገኘም፤ ከሁሉ የሚፈጥነውም መርከብ ሁልጊዜ የእርሱ አልነበረም። ስሙ ለታሪክ የበቃው፣ ደብዳቤ በተባለው ቀን ተነሥቶ በሚጠበቅበት ቀን እንዲደርስ በማድረጉ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።)

ኩናርድ በ1787 ኖቬምበር 21 ቀን በሃሊፋክስ ከተማ ተወለደ። ሃሊፋክስ በዛሬዋ ካናዳ በኖቫ ስኮሺያ የምትገኝ ወደብ ስትሆን በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች። ቅድመ አያቶቹ በ1683 ከጀርመን ወደ ፔንሲልቬንያ የተሰደዱ ሰዎች ነበሩ። አሜሪካኖች ከእንግሊዝ አገዛዝ ነጻ በወጡ ጊዜ አባቱ አብርሃም ኩናርድ ለእንግሊዝ ንጉሥ ታማኝ ሆነው ከቀሩት ወገኖች ጋራ አገር ለቆ ወደ ሃሊፋክስ ሄደ። በዚያም በእንግሊዝ ጦር ሥራ ቤት አናጢ ሆነ። ቤተ ሰቡ ትልቅ፣ ኑሮው መጠነኛ ነበረ። ሳሙኤል ከፍተኛ ትምህርት ቤት አልገባም፤ ትምህርቱን ያገኘው ከወደብ፣ ከዕንጨት መጋዘንና ከሒሳብ መዝገብ ነው።

ወጣት ሳለ በጸሐፊነት አገለገለ። ቀጥሎም ከአባቱ ጋራ ሆኖ የንግድ ቤት አቋቋመ፤ ዕንጨት ይሸጣሉ፣ ከካሪቢያን ደሴቶች ዕቃ ያመጣሉ፣ በሸራ የሚሄዱ ትንንሽ መርከቦችም ገዙ። በ1815 ሱዛን ደፈስ የምትባል ወይዘሪት አገባ፤ ዘጠኝ ልጆችም ወለዱ። ነገር ግን ሱዛን በ1828 የመጨረሻዋን ልጅ በወለደች በጥቂት ቀን ሞተች፤ ኩናርድም ከዚያ በኋላ ሌላ ሚስት አላገባም። በእነዚያው ዓመታት ከሃሊፋክስ ወደ ቦስተን፣ ወደ ኒውፋውንድላንድና ወደ ቤርሙዳ የሚሄደውን የመንግሥት ፖስታ የማመላለስ ውል ይዞ ነበር። የሕይወቱ መንገድ የተቀየሰው በዚህ ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

በዚያን ዘመን በአውሮጳና በአሜሪካ መካከል ደብዳቤ መላላክ እንዴት ያለ ነገር እንደ ነበር ማሰብ ያስፈልጋል። የእንግሊዝ መንግሥት ፖስታ ፋልማውዝ ከሚባለው ወደብ እየተነሣ በትንንሽ ባለ ሸራ መርከቦች ይሄድ ነበር። ከእነዚህ መርከቦች በማዕበል የሚሰምጡት ብዙ ስለ ነበሩ ሰዎች የሬሳ ሣጥን የሚል ቅጽል ስም አውጥተውላቸው ነበር። በ1818 የኒውዮርክ ነጋዴዎች ብላክ ቦል የተባለውን መስመር ከፈቱ። የእነርሱ መርከቦች ጭነት ሞላም አልሞላ በተወሰነው ቀን ይነሡ ስለ ነበር ይህ ብቻውን ትልቅ እርምጃ ነበር። ይሁን እንጂ መነሻው ቢታወቅም መድረሻው አይታወቅም። ነፋሱ ከምዕራብ ስለሚነፍስ ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ የሚሄደው መርከብ አምስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። ነጋዴው የዋጋ ለውጥ ሲሰማ ዕድሉ አልፎበታል፤ እናት የልጅዋን መታመም ስትሰማ ልጁ ወይ ድኗል ወይ ተቀብሯል።

ኩናርድ የእንፋሎትን ነገር ቀድመው ካሰቡበት የኖቫ ስኮሺያ ነጋዴዎች አንዱ ነበር። በ1831 በኩቤክ ለተሠራችው ሮያል ዊልያም ለተባለችው የእንፋሎት መርከብ ገንዘብ ካዋጡት መካከል እርሱና ወንድሞቹ ይገኙባቸዋል። ያች መርከብ በ1832 የኮሌራ በሽታ በመነሣቱ ገበያዋ ተቋርጦ ለባለቤቶቿ ኪሳራ ሆነች። በ1833 ግን ከኖቫ ስኮሺያ ተነሥታ አብዛኛውን መንገድ በእንፋሎት ኃይል ተጉዛ እንግሊዝ አገር ደረሰች። ስለዚህ ኩናርድ ከዚህ ነገር ገንዘብ ባያተርፍ ትምህርት አትርፏል።

በ1838 ኤፕሪል ሲሪየስና ግሬት ዌስተርን የሚባሉ ሁለት የእንግሊዝ የእንፋሎት መርከቦች በአንድ ቀን ልዩነት ኒውዮርክ ገቡ። ሲሪየስ ከአየርላንድ 18 ቀን፣ ግሬት ዌስተርን ከብሪስቶል 15 ቀን ፈጀባቸው። በዚያው የጸደይ ወራት ታይሪያን የምትባል የመንግሥት ፖስታ የጫነች ባለ ሸራ መርከብ ነፋስ አጥታ በውቅያኖሱ መካከል ቆማ ሳለች ሲሪየስ እየጤሰ ደረሰባት። የፖስታው ከረጢት ከታይሪያን ወደ ሲሪየስ ተዛወረ። በታይሪያን ላይ የነበሩት ሁለቱ ታዋቂ የኖቫ ስኮሺያ ሰዎች፣ ጆሴፍ ሃውና ቶማስ ሃሊበርተን፣ ይህን በዓይናቸው አይተው ለንደን እንደ ደረሱ የፖስታው ሥራ ለእንፋሎት መርከብ እንዲሰጥ ለመንግሥት አመለከቱ።

የባሕር ኃይሉ መሥሪያ ቤት በ1838 ኖቬምበር ጨረታ አወጣ። ማስታወቂያው ግን ወደ ሃሊፋክስ የመጣው በዚያው በአሮጌው ቀርፋፋ ፖስታ ስለ ነበረ ኩናርድ እጅ ሲደርስ የጨረታው ቀን አልፎ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ዕድሌ ነው ብሎ ይተወው ነበር። እርሱ ግን በ1839 ጃኑዋሪ በብርድና በማዕበል ተሳፍሮ ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ። እንደ ደረሰም የቀደሙት ተጫራቾች እንዳልተስማሙ አወቀ፤ የግሬት ዌስተርን ኩባንያ መርከቦች ለመሥራት ረጅም ጊዜ ጠይቆ ነበር። ኩናርድ ራሱ ለመሥሪያ ቤቱ ሐሳብ አቅርቦ በ1839 ሜይ 4 ቀን ውል ተፈራረመ። በዓመት 55,000 ፓውንድ እየተከፈለው ፖስታውን ከሊቨርፑል ወደ ሃሊፋክስ በወር ሁለት ጊዜ፣ በብርዱ ወራት በወር አንድ ጊዜ ሊያደርስ ቃል ገባ። ጥቂት ቈይቶ መስመሩ እስከ ቦስተን እንዲቀጥል ተደርጎ ክፍያው 60,000 ፓውንድ ሆነ። መርከብ በቀኑ ካልተነሣ ቅጣት አለ፤ በየመርከቡም ፖስታውን የሚጠብቅ አንድ የባሕር ኃይል መኰንን ይሳፈራል።

ሰውዬው ቃል ሲገባ ለዚህ ሥራ የሚሆን አንድም መርከብ አልነበረውም። የግላስጎው ታዋቂ የመኪና ሠሪ ሮበርት ናፒየር የታቀዱት መርከቦች ለአትላንቲክ አነስተኛ ናቸው፤ ሊተልቁ ይገባል ብሎ መከረው። ምክሩ እውነተኛ ቢሆንም ወጪውን ጨመረው። ስለዚህ ናፒየር የግላስጎውን ጆርጅ በርንስንና የሊቨርፑሉን ዴቪድ ማክአይቨርን አስተዋወቀው፤ በ270,000 ፓውንድ ካፒታልም ኩባንያ ቆመ። ብሪታኒያ፣ አካዲያ፣ ካሌዶኒያና ኮሎምቢያ የተባሉ አራት መርከቦች ተሠሩ። አካላቸው ከዕንጨት ነበረ፤ በግራና በቀኝ በሚዞሩ ትልልቅ የመቅዘፊያ መንኰራኵሮች ይሄዳሉ። የብሪታኒያ ርዝመት 63 ሜትር ያህል ሲሆን በቀን ወደ 38 ቶን የድንጋይ ከሰል ትበላለች፤ ተሳፋሪዎቿ 115 ብቻ ናቸው። አብዛኛውን ቦታ የያዘው ከሰሉ ነው።

ብሪታኒያ በ1840 ጁላይ 4 ቀን ከሊቨርፑል ተነሣች። ኩናርድና ሴት ልጁ ተሳፍረውባታል፤ ለተሳፋሪዎችም ወተት የምትሰጥ አንዲት ላም ነበረች። በ12 ቀን ከ10 ሰዓት ሃሊፋክስ፣ በ14 ቀን ከ8 ሰዓት ቦስተን ደረሰች። የቦስተን ሕዝብ በታላቅ ደስታ ተቀበላት። በዚያው ዓመት በሜይ ወር እንግሊዝ አገር ጥቁር ፔኒ የተባለውን የዓለም የመጀመሪያ ቴምብር አውጥታ ነበር። ስለዚህ ቴምብርና በቀጠሮ የሚሄድ የውቅያኖስ ፖስታ የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው።

ነገሩ ግን እንደ ጅምሩ ሁሉ በደስታ አልቀጠለም። በ1842 ኩናርድ በሌላ ንግዱና በገዛው መሬት ምክንያት ዕዳ ውስጥ ገባ። አበዳሪዎቹ በእንግሊዝ አገር እንዳያስይዙት ተደብቆ በመርከብ ወደ ሃሊፋክስ መመለስ ግድ ሆነበት። ያን ጊዜ እንኳ የፖስታው መርከቦች ቀናቸውን አላሳለፉም። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠርቶ ዕዳውን ከፈለ፤ በ1840ዎቹ መጨረሻ የከሰረውን የወንድሙን የጆሴፍንም ዕዳ ጨምሮ ከፈለ።

በ1843 ጁላይ ኮሎምቢያ በጉም ውስጥ ከኖቫ ስኮሺያ ዳርቻ ካለ ዐለት ጋራ ተጋጨች። መርከቢቱ ጠፋች፤ ሰውና ፖስታው ግን ሁሉ ተረፈ። በ1844 የብርድ ወራት ደግሞ የቦስተን ወደብ በረዶ ሆኖ ብሪታኒያን ያዛት። የከተማው ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ ሠራተኛ ቀጥረው፣ በረዶውን በመጋዝ እየሰነጠቁ ወደ 7 ማይል የሚሆን መተላለፊያ ከፈቱላት፤ የእንግሊዝ ፖስታ መሥሪያ ቤት ወጪውን ልመልስ ቢላቸው አንቀበልም አሉ። ኩናርድ በሕይወት ሳለ በአትላንቲክ መስመሩ በመርከብ አደጋ የሞተ ተሳፋሪ አልነበረም። ለካፒቴኖቹ የሚሰጠው ትእዛዝ ከፍጥነት በፊት ደኅንነትን የሚያስቀድም ነበር። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ምሳሌያችንን ባያውቀውም ይሠራበት ነበር።

አሁን ወደ ደብዳቤው ዋጋ እንመለስ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ ግማሽ አውንስ የሚመዝን ደብዳቤ ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ ለመላክ አንድ ሽልንግ ይከፈል ነበር። ይህም የሚያደርሰው እስከ ወደቡ ብቻ ነው፤ ከወደቡ ወዲያ ያለውን ተቀባዩ ይከፍላል። በ1845 በአየርላንድ ረኀብ ገብቶ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደ አሜሪካ ሲሰደድ ይህ ሽልንግ ከባድ ነገር ሆነ። ለአየርላንድ የቀን ሠራተኛ አንድ ሽልንግ የሙሉ ቀን ደመወዝ ያህል ነበርና።

በ1847 አሜሪካኖች ዋሽንግተን በምትባል መርከብ የራሳቸውን የፖስታ መስመር ጀመሩ። የእንግሊዝ መንግሥት የኩናርድን መስመር ለመጠበቅ ሲል በአሜሪካ መርከብ የመጣውንም ደብዳቤ በእንግሊዝ መርከብ እንደ መጣ ቈጥሮ አንድ ሽልንግ ማስከፈል ጀመረ። ደብዳቤው እንግዲህ የባሕሩን ዋጋ ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። አሜሪካኖችም በ1848 ጁን ሕግ አውጥተው በኩናርድ መርከብ በሚመጣው ደብዳቤ ላይ 24 ሴንት ጫኑበት። ይህ የብቀላ ዋጋ የቈየው ለስድስት ወር ያህል ብቻ ስለ ሆነ በዚያ ጊዜ የተላኩት ደብዳቤዎች ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ ይፈለጋሉ። ከክርክሩ ኩናርድ ተጠቅሟል፤ ድሀው ደብዳቤ ጸሐፊ ግን ተጐድቷል። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጐዳው ሣሩ ነው።

በመጨረሻ ሁለቱ መንግሥታት በ1848 ዲሴምበር ለንደን ላይ ተስማሙ፤ ስምምነቱም በ1849 ፌብሩዋሪ 15 ቀን ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ለግማሽ አውንስ ደብዳቤ ዋጋው በአሜሪካ 24 ሴንት፣ በእንግሊዝ አንድ ሽልንግ ሆነ፤ ከላኪው ቤት እስከ ተቀባዩ ቤት ያደርሳል፤ ላኪው ወይም ተቀባዩ ሊከፍለው ይችላል። ሃያ አራቱ ሴንት እንዲህ ይከፈላል፤ 5 ሴንት ለአሜሪካ የየብስ ጉዞ፣ 16 ሴንት ለባሕሩ ጉዞ፣ 3 ሴንት ለእንግሊዝ የየብስ ጉዞ። ላኪው በአሜሪካ ሙሉውን ከፍሎ ደብዳቤው በኩናርድ መርከብ ከሄደ፣ አሜሪካ ለእንግሊዝ የባሕሩን 16ና የየብሱን 3 ማለት 19 ሴንት ታስረክባለች። በአሜሪካ መርከብ ከሄደ ግን 3 ሴንት ብቻ ታስረክባለች። ከእንግሊዝ ሲነሣ ደግሞ በእንግሊዝ መርከብ 5፣ በአሜሪካ መርከብ 21 ሴንት ለአሜሪካ ይታሰባል። የፖስታ ጸሐፊው በኤንቨሎፑ ላይ የሚመታው ቍጥር የሁለቱ መሥሪያ ቤቶች የሒሳብ ደረሰኝ ነው። የተከፈለበት ባብዛኛው በቀይ፣ ያልተከፈለበት በጥቍር ይመታል። ይህን ያወቀ ሰብሳቢ፣ ቀኑን ከመርከቦቹ የመነሻ ቀን ጋራ አስተያይቶ፣ ደብዳቤው በየትኛዋ መርከብ እንደ ሄደ ለይቶ ይናገራል። ይህ የሚቻለው ግን መርከቦቹ በቀናቸው ስለ ተነሡ ነው።

በ1850 ከባድ ተፎካካሪ ተነሣ። ኤድዋርድ ኮሊንስ የሚባል አሜሪካዊ ከመንግሥቱ ድጎማ ተቀብሎ አትላንቲክ፣ ፓሲፊክ፣ አርክቲክና ባልቲክ የተባሉ አራት ያማሩ መርከቦች ሠራ። በምቾትም በፍጥነትም የኩናርድን በለጡ፤ ፓሲፊክ በ1851 ውቅያኖሱን ከ10 ቀን ባነሰ ጊዜ ተሻገረች። ኩናርድ ግን መኪናውን እስኪፈነዳ ድረስ አንድዶ ልሽቀዳደም አላለም። በ1854 ሴፕቴምበር አርክቲክ በኒውፋውንድላንድ አጠገብ ከአንዲት የፈረንሳይ መርከብ ጋራ ተጋጭታ ሰመጠች፤ ከሞቱት ከሦስት መቶ የሚበልጡ ሰዎች መካከል የኮሊንስ ሚስትና ሁለት ልጆቹ ነበሩ። በ1856 ፓሲፊክ ከሊቨርፑል ተነሥታ የገባችበት ሳይታወቅ ቀረች። ድጎማው ተቀነሰ፤ በ1858ም መስመሩ ተዘጋ። ኩናርድና ኮሊንስ በፉክክሩ ጊዜ ስለ ዋጋ በምስጢር ይስማሙ እንደ ነበር ኋላ በተገኙ ሰነዶች ታውቋል። ስለዚህ ድሉ የሥነ ሥርዓት ብቻ ሳይሆን የብልጠትም ጭምር ነው።

የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ስንጽፍ ጕድለታቸውን መሸፈን ለአንባቢ አይጠቅምም። ከባርነት አምልጦ የነጻነት ተናጋሪ የሆነው ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1845 ካምብሪያ በምትባለው የኩናርድ መርከብ ወደ እንግሊዝ አገር ሲሄድ ጥቁር በመሆኑ ወደ ታችኛው ክፍል ተላከ። በጕዞው መጨረሻ ንግግር እንዲያደርግ ሲጠየቅ የባርነት ደጋፊዎች ወደ ባሕር እንጣልህ ብለው ተነሡበት፤ ካፒቴኑ በሰንሰለት አስራችኋለሁ ብሎ አስታገሣቸው። በ1847 ዳግላስ ወዳጆቹ ነጻነቱን ከገዙለት በኋላ በዚያችው መርከብ ለመመለስ የአንደኛ ማዕርግ ቲኬት ለንደን ላይ ገዛ። ሊቨርፑል ሲደርስ ቦታው ለሌላ ተሰጥቶ አገኘው፤ ለብቻው እየበላ ከሌሎች ተሳፋሪዎች ሳይቀላቀል እንዲሄድ ተገደደ። የእንግሊዝ ጋዜጦች ነገሩን አጥብቀው ስለ ነቀፉ ኩናርድ በጋዜጣ ላይ ማዘኑን ገልጦ ዳግመኛ እንዳይሆን ቃል ገባ። ጨዋነቱ የመጣው ግን ወቀሳው ከበረታ በኋላ ነበር።

ሁለተኛው ነገር የመሬት ነገር ነው። ኩናርድ ፕሪንስ ኤድዋርድ በምትባለው የካናዳ ደሴት ከጠቅላላው መሬት ከሰባት አንድ እጅ ያህል የሚሆነውን ይዞ ነበር። ራሱ በደሴቲቱ አልኖረም፤ መሬቱን የሚያርሱት ጭሰኞች ኪራይ እየከፈሉ የመሬቱ ባለቤት ለመሆን ሲጮኹ በሕይወቱ ሳለ አልተሳካላቸውም። ወራሾቹ መሬቱን ለደሴቲቱ መንግሥት የሸጡት እርሱ ከሞተ በኋላ በ1866 ነው። ስለ ደብዳቤ ቀን የሚጠነቀቅ ሰው ስለ ጭሰኛ ለቅሶ ዝግ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

በ1854 የክራይሚያ ጦርነት ሲነሣ መርከቦቹ ወታደርና ፈረስ እንዲያመላልሱ ለመንግሥት አስረከበ። ስለዚህ አገልግሎት በ1859 ባሮኔት የሚባለው ማዕርግ ተሰጠው። በ1856 ፐርሺያ የተባለችው ከብረት የተሠራች መርከብ ወደ ሥራ ገባች። የአናጢው ልጅ ሰር ሳሙኤል ኩናርድ በ1865 ኤፕሪል 28 ቀን ለንደን ላይ በ77 ዓመቱ ሞተ።

እርሱ ከሞተ በኋላ የደብዳቤው ዋጋ በፍጥነት ወረደ። የአሜሪካው አንጥረኛና የሰላም ሰባኪ ኤሊሁ በሪት የውቅያኖስ ፖስታ በአንድ ፔኒ ይሁን እያለ ከ1840ዎቹ ጀምሮ ሲታገል ነበር። እንዳለው ባይሆንም፣ ዋጋው በ1868 ወደ 12 ሴንት፣ በ1870 ወደ 6 ሴንት ዝቅ አለ። በ1874 በቤርን ከተማ የተቋቋመው የፖስታ ኅብረት በ1875 ሥራ ሲጀምር መንግሥታት በየደብዳቤው ላይ ሒሳብ መተሳሰብን ተዉ። አገራችንም ወደዚህ ኅብረት የገባችው በ1908 ኖቬምበር 1 ቀን ነው። ከዚያ በፊት ወደ ውጭ አገር ለሚሄድ ደብዳቤ የዳግማዊ ምኒልክ ቴምብር ብቻውን ስለማይበቃ የጅቡቲ ቴምብር ይጨመርበት ነበር። ሁለቱ ቴምብሮች ጎን ለጎን የተለጠፉባቸው ኤንቨሎፖች ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ የተወደዱ ናቸው።

ከኩናርድ ሕይወት ለእኛ ለተማሪዎች የሚተርፈው ምንድን ነው? እኛ ብዙ ጊዜ የምናደንቀው ፈልሳፊውንና ቀዳሚውን ነው። ሲሪየስም ግሬት ዌስተርንም ከብሪታኒያ ሁለት ዓመት ቀድመው ውቅያኖሱን ተሻግረዋል፤ የኮሊንስ መርከቦችም ፈጥነዋል። ነገር ግን አንድ ጊዜ መቅደም የአንድ ቀን ወሬ ነው። በጉምም በበረዶም፣ በዕዳም በጦርነትም ጊዜ ቀጠሮን ማክበር ግን ሰዎች ኑሯቸውን የሚያቆሙበት መሠረት ይሆናል። ነጋዴው የሚገዛበትን፣ ስደተኛው ገንዘብ የሚልክበትን፣ እናት ደብዳቤ የምትጠብቅበትን ቀን አስቀድመው ሊያውቁ ቻሉ። አገርም የሚሠራው ሥራቸውን በቀኑ በሚፈጽሙ ሰዎች ነው፤ ሥራው የተፈጸመላቸውንም ሰዎች ሁሉ እኩል ማየት እንደሚገባ ግን ከኩናርድ ጕድለት መማር አለብን።